አንዴም ያልተለበሰ ኩታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ጁስ መፍጫው ሄደ። ገዢዋን ታክሲ ተራው ጋ አገኘኋት። ክዳኑ መሰንጠቁን አልነገርኳትም። ፎቶው ላይ ይታያል እኮ! ደብተሬ፣ እንደ ንስሐ አባት አትየኝ።

እማዬ ጸበል ከገባች ስምንት ቀን። እንጦጦ ብርድ ነው፣ ጉልበቷ ግን ተሽሏት ነበር ስትደውል። እኔ ቤቱን ለብቻዬ አግኝቼ እያራገፍኩት ነው። የቴሌግራም ቻናሌ ሰው በዝቶበታል። ያልተነካ የሻይ ስኒ፣ የድሮ መጋረጃ፣ የማይሠራ ሰዓት ሳይቀር ይሄዳል። የፍሪጁ ማሠሪያ ብር እስኪሞላ ነው፣ ከዚያ አቆማለሁ። ባለፈው ወርም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7፣ ጠዋት
ከእማዬ አልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ ከፈትኩ። ብርድ ልብስ ፈልጌ። (ውሸት። የሚሸጥ ፈልጌ።) ከታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ በነጭ ክር የታሰረ ኩታ። ጥለት እንኳ የለውም። የሆነ ሰው ስጦታ መሆን አለበት፣ እማዬ ስጦታ ትደብቃለች እንጂ አትለብስም። ፎቶ አነሳሁት። አዲስ፣ አንዴም ያልተለበሰ፣ የእጅ ፈትል ብዬ ለጠፍኩ።

ከሰዓት። ተሸጠ! ሜሮን የምትባል ልጅ። ጥለት የሌለው ስትፈልግ ከርማለች። ጉንጯ ላይ አድርጋ ልስላሴውን አየችው። ለእሑድ ነው ብላ ቸኩላ ሄደች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
እማዬ ተመለሰች። ደረጃውን ያለ እኔ ወጣች። የጸበሉን ጀሪካን ሳታስቀምጥ ኩታዬን አምጪልኝ አለች። የትኛውን? መገነዣዬን። ጸበል ልትረጭበት።

ደብተሬ፣ ተገንዛ ልትቀበርበት ያስቀመጠችውን ነው የሸጥኩት።

አልነገረችኝም እንዳልል፣ ስንቴ ሞከረች። "እኔ የሞትኩ ቀን..." ብላ ስትጀምር፣ ሟርት አታውሪ ብዬ የቲቪውን ድምፅ እጨምራለሁ። አንድ ቀን እንኳ አስጨርሻት አላውቅም።

ላጥበው አውጥቼዋለሁ አልኳት። ያልተለበሰ ልብስ ለምን ይታጠባል? አልጠየቀችም። አመነችኝ። ይሄ ነው የባሰብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ለሜሮን ጻፍኩላት። ጨምሬም ቢሆን መልሺልኝ ብዬ ለመንኳት። መልሷ ፎቶ ነው። ሽሮ ሜዳ ወስዳ አስቆርጣ የሕፃን ቀሚስ አሰፍታዋለች። ትላንት ልጇን ክርስትና አስነሣች፣ ሰማንያ ቀኗ። ሕፃኗ በእማዬ መገነዣ ውስጥ ሆና ታዛጋለች። የተረፈውን ጨርቅ ማቀፊያ አድርገውታል። እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች ጭራሽ። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ተውኩት። ሌላ ምን ይባላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
እኔም ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ጥለት የሌለው ኩታ ገዛሁ። በፌስታል ጠቀለልኩት፣ በነጭ ክር አሰርኩት። ማሰሬ አሁን ያሳፍረኛል።

ሰጠኋት። ፈታችው። በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ደግማ አሸት አደረገችው። ከዚያ ጭኗ ላይ አጥፋ አስቀመጠችና፣ ይሄም ነጭ ነው አለች።

ይሄም!

የያኛውን ፈትል የፈተለችው ራሷ ናት። አሁን ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ዓይኗ ሳይደክም፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል የጥጡ ብናኝ ያስነጥሰኝ ነበር። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ፈትሉን ለሸማኔው ያደረስኩት እኮ እኔ ነኝ! ጣቷ የራሷን ክር አጥቶታል። ላለማሳፈር ነው ዝም ያለችኝ። ምናለ በተቆጣችኝ። እራት አልበላ አለኝ፣ እሷ ግን እራቴን አቅርባ ብይ ብይ ትለኛለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት
ቻናሉን አጠፋሁት። የምሬን ነው።

ዛሬ እነግራታለሁ። ቁርሷን ከበላች በኋላ። የሕፃኗን ፎቶ አሳያታለሁ። ትቆጣ፣ ታልቅስ፣ እንደፈለገች። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ያንን የጀመረችውን ነገር ጨርሺልኝ እላታለሁ። የትኛው ቤ/ክ እንደምትቀበር፣ ማን እንዲጠራ እንደምትፈልግ፣ በየትኛው ኩታ እንደምትገነዝ፣ ሁሉንም። ቢያስለቅሰኝም አላቋርጣትም።

ቲቪውን ነቅዬዋለሁ። እየጠራችኝ ነው።