የእህም ድምፅ

ጥቅምት 6
ዛሬም ከምሠራበት ካርድ ክፍል በውስጥ ስልክ ነርሶች ክፍል ደወልኩ፣ በዶክተሩ ድምፅ። «እህም... ሲስተር፣ ቶሎ ቢሮዬ ነይ!» ታላቅ እህቴ እየሮጠች ሄደች። ቢሮው ባዶ! የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ጉሮሮውን ሳይጠርግ መች ያወራል? «እህም» ብዬ ስም ያወጣሁለትም እኔ ነኝ።
«አንተ ቀበጥ፣ አንድ ቀን ታስጨርሰኛለህ!» አለችኝ።

ጥቅምት 11
እህቴ የደበቀችው ነገር አለ። ቦርሳዋ ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት አገኘሁ። (ማስቲካ ስፈልግ ነው፣ ስሰርቅ አይደለም።) ከዘጠነኛ ባቋርጥም ማንበብ አያቅተኝም። «የሙያ ስህተት» ይላል። በራሷ ስም፣ ከራሷ ደሞዝ!
«ማንን ገደልሽ?»
«ማንንም።»
«ታዲያ? የክሊኒኩ ኢንሹራንስ ሁላችሁንም ይሸፍናል ብሏል እኮ እህም።»
«ብሏል» አለች። በቃ።
ሳያጠፋ የሚፈራ አለ እንዴ? አላምናትም...

ጥቅምት 19
ትናንት እህቴ መርፌ የወጋችው ሕፃን ሆስፒታል ገባ። መድኃኒቱ በዝቶበታል። እህም ሁሌ ከቤቱ በስልክ ያዛል፣ እሷ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ በነጋታው ይፈርማል። ዛሬ አልፈርምም አለ።
«ትናንት ጭራሽ አልደወልኩም። ድምፄን የሚያስመስለው ወንድሟ ይጠየቅ!»
ክው አልኩ። ትናንት ቀልጃለሁ? አዎ... ግን «ነይ» ብቻ ነው ያልኩት። መድኃኒት አላዘዝኩም። እርግጠኛ ነኝ? ነኝ!
ማታ እህቴን «የደወለው እሱ ነው አይደል?» አልኳት።
«እሱ ይሁን አንተ፣ በምን አውቃለሁ?»

ጥቅምት 20
የክሊኒኩ ኢንሹራንስ ጠበቃ መጣ። ከእህም ጋር በር ዘጉ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። «ጥፋቱ የእሷ ከሆነ እኛን አይነካንም» ይላል ጠበቃው። ወይ ጉድ! ሁላችሁንም ያለውስ?
«በራሴ ስህተት» የሚል ወረቀት አቀረቡላት። ከፈረመች የሙያ ፈቃዷ አለቀለት።
«የራሴ ጠበቃ ሳያየው አልፈርምም» አለች።
የራሴ ጠበቃ! ለካ ያ ወረቀት...

ጥቅምት 26
የእህቴ ኢንሹራንስ የመደበላት ጠበቃ ሳቅ የማታውቅ ሴትዮ ናት። «የምትቀልደው በየትኛው ስልክ ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ።
«በውስጥ ስልክ ብቻ። እናቴን!»
«እናትህን ተዋት።» ከስልክ ድርጅቱ የጥሪ ዝርዝር አስወጥታለች። መርፌው ከመወጋቱ በፊት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከእህም ሞባይል ወደ ነርሶች ክፍል ተደውሏል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ።
እህም ዛሬ «እህም» እንኳ አላለም።

ኅዳር 4
ሕፃኑ ድኖ ወጣ። እህም ካርዱ ላይ ፈረመ። ነርሶቹ በየተራ እህቴን «ኢንሹራንሱን የት ነው የገባሽው?» ይሏታል። ዘበኛው «እስቲ እህምን አድርግልን» ቢለኝ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩት።
ከሰዓት በውስጥ ስልክ ደወልኩላት። በገዛ ድምፄ።
«እታለም፣ ካርድ ውሰጂ።»
«ማን ነው?»
«እኔ ነኝ እኮ!»
ዘጋችው። ኮሪደሩን አቋርጣ መጣች። ፊቴን አየች... ካርዱን ይዛ ሄደች።