ደረጀን ሰንበቴ የወሰድኩበት ቀን

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ደረጀን ይዤ ሰንበቴያችን ገባሁ። በማገለግልበት የሱስ ማገገሚያ ቤት ያሉት ወንዶች ለሕክምና ክትትል ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲወርዱ የታክሲ የላቸውም። በእግር እንዳይሄዱ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ግሮሰሪና አረቄ ቤት ነው። ደረጀም ከመካከላቸው ነው፤ ማኅበርተኛው እንዲረዳን ችግሩን ራሱ ይንገራቸው ብዬ ነበር። ሰንበቴ ላይ መጀመሪያ የሚቀርበው ጠላ መሆኑን እንዴት እረሳለሁ!

ከማኅበርተኞቹ እማማ ብዙነሽ ሞልተው ሰጡት። «እንካ ልጄ፣ የሰንበት ጠበል አይመለስም።»

ተቀበላቸው። ጠላው ሞልቶ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ዞሮ አየኝ። እኔ ግን እማማን ካስቀየምን ማን ይረዳናል ብዬ አቀረቀርኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ከእጁ ትቀበለው ነበር።

«እማማ፣ ይቺን ከቀመስኩ ዛሬ ቤት አልገባም። ውሃ ይስጡኝ» አለ ራሱ።

አንዱ ከጥግ ሆኖ «ጠላም መጠጥ ሆነና!» ብሎ ሳቀ።

«ዝም በል አንተ!» አሉ እማማ። «የገዛ ልጄንም እንዲህ እያላችሁ ነው መጠጥ ያስለመዳችሁት።» ጠላውን ተቀብለው ውሃ አመጡለት። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገርም አላስፈለገም፤ የታክሲውን ሰንበቴው ሊችል ተስማማ።

ስንመለስ ደረጀ ቀስ ብሎ «አባባ፣ ጠላውን ሲሰጡኝ ምነው ዝም አሉ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።