የምርኮኛዋ ድምፅ

ሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ዘርፌ፣

ጤንነትሽን በልጃችን በሀይሚ በኩል እሰማለሁ። ጉልበትሽ እንደተሻለሽና የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ያለ ምርኩዝ እንደምትወጪ ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። ከዚህ አልፌ ስጠይቃት ግን "አባዬ፣ ራስህ ጠይቃት" ብላ ትዘጋብኛለች። ከሲኤምሲ ቦሌ አራብሳ በመኪና ምን ያህል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም አንቺ ከዚህ ቤት ከወጣሽ ወዲህ ያ መንገድ ለእኔ የሌላ አገር መንገድ ያህል ርቋል።

ዛሬ በቀጥታ የምጽፍልሽ በልጃችን አፍ ሊጠየቅ የማይገባው ጉዳይ ስላለኝ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ወሎ ሰፈር መጥተሽ፣ በአንድ ማይክሮፎን ፊት ከእኔ ጋር እንድትቆሚ ልለምንሽ ነው። መልሱ እሺ ወይም እምቢ ነው። ልመናው ከየት እንደመጣ ሳላስረዳሽ መልስ መጠበቅ ግን ተገቢ አይመስለኝምና፣ እንደ ልማዴ ከመነሻው ልጀምር።

የሟቹ የጎረቤታችን የመርሃዊ ልጅ፣ አብኔዘር፣ እኔን ከማወቁ በፊት አንቺን እንደሚያውቅ አልዘነጋሁም። ክረምቱ ሲወጣ እቤት መጣና አሮጌ የጀብዱ ታሪኮችን ወደ ድምፅ ድራማ እየለወጠ መሆኑን ነገረኝ። አንድ ተራኪ ብቻውን የሚያነበው ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ የራሱ ሰው የሚጫወተው፣ ኮቴው፣ ተኩሱና የአውሮፕላኑ ሞተር ሁሉ የሚሰማበት ነው። የመጀመሪያው "የጨው ዋሻው ጌታ" ነው። በወጣትነታችን በርካሽ ወረቀት እየታተመ በየሱቁ ደጃፍ ይሸጥ የነበረው፤ ሽፋኑ ላይ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጎራዴ መዝዞ የቆመበት። እኔ ከሕግ መጻሕፍት በቀር አላነብም እያልሁ እኮራ በነበረበት ዘመን አንቺ በአንድ ተቀምጠሽ ትጨርሺው ነበር።

አብኔዘር ለዋሻው ጌታ ድምፅ የፈለገው እኔን ነው። ለወንበዴነት ከከተማው ሁሉ እኔን የመረጥህበት ምክንያት ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ እርስዎ በሬዲዮ ሕግ ሲያስረዱ እኛ ቤት ሰው ሁሉ ያልሠራውን ጥፋት ሊያምን ይደርስ ነበር" አለኝ። ቅጂው ለዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት በነፃ እንደሚሰጥ ሲጨምርልኝ እምቢ የምልበት መንገድ አጣሁ።

እሺ ካልሁ በኋላ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ዛሬ የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር ቀድተው ያላለውን እንደሚያስብሉት አንቺም ሰምተሻል። "እሰሩት! በጨው ቅበሩት!" እያለ የሚያዝ ድምፅ ከስሜ ጋር ተያይዞ በየስልኩ ቢዞር፣ ድራማ ነው ብሎ የሚያልፈው ስንቱ ነው? ስለዚህ ውል አረቀቅሁ። አብኔዘር አንቀጾቹን አንብቦ ሲጨርስ፣ "ጋሼ፣ ወንበዴ ሊሆኑልን ነው እንጂ መሬት ሊሸጡልን እኮ አይደለም" አለ። ቢሆንም ፈረመ።

ስቱዲዮው ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ነው። ታች ላሜራ ሲቀጠቀጥ ላይ ቀረጻው ይቆማል፤ በረሃ መካከል መዶሻ አይሰማም ይላሉ። እኔ የማውቀው የድሮውን አሠራር ነበር፤ ተዋንያኑ አንዱን ማይክሮፎን ከብበው፣ አንዱ የሌላውን ዓይን እያየ የሚናገሩበትን። እነዚህ ግን እያንዳንዱን ሰው በየተራው፣ ስፖንጅ በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው አስገብተው ነው የሚቀዱት። የሌሎቹን ቃል የሚያነብልኝ ድምፅ ቀጂው ሚስባህ ነበር፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ንግግሩ የረጋ የወሎ ልጅ። ሚስባህ በዚያ ጎርናና ድምፁ "ልቀቀኝ፣ እኔ ምስኪን ሴት ነኝ" እያለ የምርኮኛዋን ቃል ሲያነብልኝ ሳልስቅ መቆም ከብዙ ችሎት የከበደ ፈተና ሆኖብኝ ነበር።

ምርኮኛዋን ማን እንደምትጫወት አብኔዘርን ጠየቅሁት። እሷ በሌላ ቀን ነው የምትገባው አለኝ። የጠየቅሁህ ስሟን ነው ስለው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ወረቀቶቹ ግን አስቀድመውም ተስተካክለው ነበር። እንዲህ ያለ ምስክር ብዙ አይቻለሁ፤ ነገሩን ልብ ብዬ ያዝሁት።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ክፍል በቴሌግራም ደረሰኝ። የመኪናዋ ድምፅ ማጉያ ከስልኩ ይሻላል ብዬ ግቢ እንደቆመች ገብቼ ከፈትሁት። ነፋሱ ተዋጥቶላቸዋል፤ የግመሎቹ ደወልም እንዲሁ። እኔም፣ ራስን ማመስገን ካልሆነብኝ፣ ደህና አድርጌ ክፉ ሰው ሆኛለሁ። ከዚያ ጌታው ምርኮኛዋን፣ "እዚህ ምን ጎደለሽ? በሩ የተቆለፈው ለአንቺው ደኅንነት ነው" ይላታል። እሷም ትመልስለታለች፦

"በሩን ክፈት አላልኩህም። ቁልፉን ለምን ይዘኸው እንደምታድር ነው የጠየቅኩህ።"

ዘርፌ፣ አንቺ ነበርሽ። ጠንከር ያለ ነገር ከመናገርሽ በፊት የምትስቢያት ያቺ አጭር ትንፋሽ እንኳ አልቀረችም። ወደ ኋላ እየመለስሁ አዳመጥሁት፤ ሾፌራችን እሸቴ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ "ጋሼ፣ ባትሪዋ ሊያልቅ ነው" እስኪለኝ ድረስ።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። በትምህርት በሬዲዮ ለዓመታት ስታስተምሪ የተቀዳው ድምፅሽ በየቦታው አለ። ከዚያ ላይ ወስደው በማሽን አናገሯት ብዬ ደመደምሁ። ስልኬን የማታነሺው ሴት፣ ደብዳቤዬን በሀይሚ በኩል የምትመልሺው ሴት፣ በገዛ ፈቃድሽ ለእኔ ድምፅ መልስ ትሰጫለሽ ብሎ ከማመን ይልቅ ማሽኑን ማመን ቀለለኝ።

በማግስቱ ሳላስታውቅ ስቱዲዮው ሄድሁ። የባለቤቴን ድምፅ ያለ ፈቃዷ ተጠቅማችኋል፤ ይህ በሕግ ያስጠይቃል አልኋቸው። አብኔዘር አቀረቀረ። ሚስባህ ግን የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደና፣

"ክቡር ዳኛ፣ እሳቸው ማሽን ቢሆኑማ በተገላገልን" አለ። "ማሽን 'ሰው እንዲህ አያወራም' ብሎ ሁለት ገጽ አያስቀይረንም።"

ያን ጊዜ አብኔዘር ተናገረ። ለእኔ እንዳይነግረኝ ቃል አስገብተሽው ኖሯል። በመጽሐፉ ምርኮኛዋ ተንበርክካ በሩን ክፈትልኝ እያለች ታለቅሳለች፤ አላለቅስም ብለሽ ቃሉን የለወጥሽው አንቺ ነሽ። የዋሻውን ጌታ ማን እንደሚጫወተው ሲነግርሽም፣ "እንግዲያው ደህና ወንበዴ አግኝታችኋል" ብለሻል። ይህን ሲናገር ሚስባህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እኔም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢዘጋ መልካም ነበር። ነገር ግን ልወጣ ስል፣ ጉልበትሽን አስቤ፣ ከአራብሳ እስከዚህ በምን እንደምትመጪ ጠየቅሁ። ሚስባህ በየዋህነት "አቶ ካሳዬ ያመጧቸዋል፤ መንገዳቸው ነው" አለኝ። ምርኮኛዋን ከዋሻው አውጥቶ በአውሮፕላን ይዟት የሚበረውን ሰው የሚጫወተው ይኸው ካሳዬ መሆኑን በዚያው ዐወቅሁ። የቀድሞ የመድረክ ተዋናይ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። የሚኖረው ሰሚት ነው። ይህን ሁሉ ማንንም ሳልጠይቅ ሰማሁት ለማለት አልደፍርም። ከሰሚት ተነሥቶ ወሎ ሰፈር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ኋላ አራብሳ ድረስ ከሄደ፣ ያ መንገዱ ሊባል እንደማይችል ካርታ ያየ ሁሉ ያውቃል። እቤት ገብቼም ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ዋልሁ።

ሐሙስ የአንቺና የእሱ ቀን መሆኑን ሰምቼ ስለነበር፣ ጠዋት እሸቴን ወሎ ሰፈር ንዳ አልሁት። ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ አንድ ሆቴል አጠገብ ጥግ ይዞ አቆመ። ሚኒባሶቹ እየተገፋፉ ይጭናሉ፤ አንዱ ረዳት መስኮታችንን እየደበደበ፣ "ፋዘር፣ ታክሲ መጫኛ ላይ ነው የቆሙት፤ ወይ ይጫኑ ወይ ይልቀቁ" ይላል። እኔ ጋዜጣ ዘርግቻለሁ። እሸቴ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ እንደ ድሮው ነው?"

"ምኑ?"

"እትዬ ከማን ጋር እንደገቡ፣ መቼ እንደወጡ... አይቼ ልነግርዎ ነው?"

እንደ ድሮው ያለው ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ያኔ ሥራዬ ጠላት የሚያፈራ ሥራ ነበር፤ ከተማውም የሚታመን አልነበረም፤ እሸቴ የዋልሽበትን ይነግረኝ የነበረው ለአንቺው ደኅንነት ነው። ይህንኑ ላስረዳው አፌን ከፈትሁ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ገና ምላሴ ላይ ሳለ የት እንደሰማሁት ትዝ አለኝ። በመኪናዋ ድምፅ ማጉያ፣ በራሴ ድምፅ ነበር፤ የግመል ደወልም ነበረው። ጋዜጣውን አጠፍሁና ወደ ቤት ንዳ አልሁት። አንቺን አላየሁም፤ የማንንም መኪና አላየሁም።

በመጨረሻው ክፍል ምርኮኛዋ ከዋሻው ወጥታ ስትሄድ ጌታው ጠባቂዎቹን "ተከተሏት" ብሎ ያዛል። ይህን ቃል እንድቀዳ ዓርብ ተጠራሁ። ሚስባህ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ፤ እኔም ማይክሮፎኑ ፊት ቆምሁ፤ ቃሉ አልወጣም። ሌላዋ ተዋናይ ቃሏን ከለወጠች ለእኔም አንድ ይፈቀድልኝ አልሁ። አብኔዘር "እሺ፣ ምን ይበሉ ታዲያ?" አለኝ። አላውቅም አልሁት። ለሚስባህ ጎርናና ድምፅ የምመልሰው ነገር የለኝም። አንቺ ፊቴ ቆመሽ የስንብት ቃልሽን ብትናገሪ፣ ጌታው ምን ማለት እንዳለበት ሊገባኝ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሁለታችሁን በአንድ ላይ መቅዳት ይቻላል፤ እትዬን ግን ራስዎ ይጠይቋቸው አለኝ አብኔዘር። ልክ እንደ ልጃችን።

ስለዚህ እነሆ ጠየቅሁሽ።

እምቢ ካልሽ ቃልሽን ሚስባህ ያነብልኛል፤ ድራማውም እንደምንም ያልቃል። ለምን ብዬ ሰው አልክብሽም። እሺ ካልሽ ቀረጻው ጋራዡ ሥራ ሳይጀምር፣ በጠዋት ነው። በምን እንደምትመጪና ማን እንደሚያመጣሽ አልጠይቅም። የስቱዲዮው መቆያ ቁልቁል መንገዱን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት አለው። እኔ ቀድሜ እገባና ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ እቀመጣለሁ።

ለጉልበትሽ ብርታት፣ ለቤትሽ ሰላም እመኛለሁ። መውጣትሽንና መግባትሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ፤ እሱ ይበቃል።

አክባሪሽ
ገብረየስ