ከማስጠንቀቂያዎ ሥር ስለቀረው የባለቤቴ ምስጋና

ለተከበሩ የሕገወጥ መድኃኒት ሽያጭ መከታተያ ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ይህን የምለው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ከታመሙ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ራስዎ ቢሮ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ እንዳይሄዱ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና ባጠፋ ይታገሡኝ። ባለቤቴ ደም ግፊት ነበረባት። ፋርማሲስቱ ኪኒኑ አልቋል፣ ሳምንት ጠብቁ ቢለን፣ በስልኳ ገጽዎን ከፍተን «በማኅበራዊ ሚዲያ መድኃኒት አትግዙ» የሚለውን ማስጠንቀቂያዎን አብረን አነበብን። ከሥሩ፣ አስተያየት በሚሰጥበት ቦታ፣ አንድ ሰው «የተረጋገጠ የግፊት ኪኒን፣ ቤት ድረስ» ብሎ ቁጥሩን አስቀምጧል። መቼም ሌባ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሱቅ አይከፍትም ብዬ አዘዝኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርኳት። የተረፈውን ኪኒን ፋርማሲስቱ በሁለት ጣቱ ቢጫነው እንደ ጠመኔ ፈረሰ።

ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሻጩን ልጠቁም ስመጣ ኮምፒውተር የተደረደረበትን የመከታተያ ክፍል ስላስጎበኙኝ አመሰግናለሁ። ነገሩ ከደጃችሁ ነው ብላቸው፣ ሠራተኛዎ «አባቴ፣ እኛ የምናየው የሰው ገጽ ነው፤ የራሳችንን የሚያየው ሕዝብ ግንኙነት ነው» አሉኝ። ሕዝብ ግንኙነት ደግሞ አስተያየት ከገጹ ላይ ለማንሣት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ። በተከታይ ብዛት የተሸለማችሁት የምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቼ እንኳን ደስ ያላችሁ ብያለሁ። አፌን የሞላውን ምራቅ ግን ወለላችሁ ንጹሕ ስለሆነ ዋጥኩት።

፪ኛ. ኪኒኑ የመጣ ዕለት ባለቤቴ ከሻጩ ቁጥር ሥር «ደርሶኛል፣ ታማኝ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጽፋ ነበር። ከጎኑ ፎቶዋ አለ፤ ለእህቷ ልጅ ሠርግ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳለች። የስልኳን መክፈቻ ቁጥር ሳትነግረኝ ስለሄደች ልሰርዘው አልቻልኩም። እናንተ አንሡልኝ ብዬ ባመለክት «አስተያየቱ መልካም ምግባርን አይጥስም» የሚል መልስ ደረሰኝ። ልክ ብላችኋል፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ መልካም ምግባር ጥሳ አታውቅም። ሞታ ግን ለነፍሰ ገዳዩ ዋስ ሆናለች።

፫ኛ. ይህኛው ክስ በእኔ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ መሥሪያ ቤት ስላጣሁ እዚሁ አስገባሁት። ውለታ አይረሳም፣ ምስጋናውን ጻፊለት ያልኳት እኔ ነኝ። ኪኒኑን ሳቀብላት ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት ቀርቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሳሰምር የኖርኩ ሰው ጠመኔ አላውቅም ልል አልችልም። በሱሪዬ ጠረግሁትና ውኃ ቀዳሁላት። በጸሎቴ እዚህ ላይ ስደርስ ቃል ያጥረኛል። ክቡርነትዎ እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለው እንደሚያልፉት ቢያስተምሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ማስጠንቀቂያዎን አንብቦ፣ በጥላዎ ሥር ገዝቶ፣ ሚስቱን የቀበረ ታዛዥ አገልጋይዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ትናንት አንዲት ልጅ ከባለቤቴ ምስጋና ሥር «እትዬ፣ ለእናቴ ፈልጌ ነበር፤ እውነት ያሽላል?» ብላ ጠይቃለች። ገጽዎም «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» ብሎ መልሶላታል። እኔ በሴት ልጄ ስልክ «አትግዢ፤ እሷም ሞታለች» ብዬ ብጽፍላት፣ ሰው ያስደነግጣል ተብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም ተነሣ። ልጅቷ አሁንም የባለቤቴን መልስ እየጠበቀች ነው።