የአባዬ አውሮፕላኖች በማግኔት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ከአውሮፕላኖቹ አንዷን ሰነጠቅኳት። ገና በመጀመሪያዋ! መብሻው ትራፓኖ ሆዷ ውስጥ እንደገባ ጠሽ አለችና ስንጥቁ እስከ ጭራዋ ሄደ። ትራፓኖውን ጥዬ ግቢ ወጥቼ ቆምኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ምናልባት ልረጋጋ እችል ይሆናል። አባዬ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ገባ። ቀኝ ዐይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። አሁን ግራውንም የዐይን ግፊት እየበላው ስለሆነ ረቡዕ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። እህቱ እትዬ ዘነበች አብረውት ያድራሉ። እኔ ቤት ከአሥራ አንድ አውሮፕላን ጋር ቀርቻለሁ።

አባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን አካል ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁ አላስቀምጥ አለው፤ ከዋንዛ እንጨት ትንንሽ አውሮፕላኖች ይፈለፍል ጀመር። ስም አላቸው፦ ነጯ፣ ወፍራሟ፣ ሙሽራዋ፣ ባለ ሁለት ሞተሯ አሮጊቷ... እያንዳንዷ ማቆሚያ አላት፤ ከእንጨት መሠረት ላይ ሚስማር ቆሟል፣ የሆዷን ቀዳዳ ሚስማሩ ላይ መሰካት ነው። ለሚያይ ሰው ቀላል ነው። አባዬ ባለፈው ወር ነጯን አንሥቶ ሊመልስ ሲል ቀዳዳውን አጣው። ሁለቴ ሞከረ፣ ሦስቴ ሞከረ፣ ከእጁ ወደቀች። ክንፏ ተነቀለ፤ በኋላ እኔ መልሼ ለጠፍኩት። እሱ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ወዲህ አንዷንም ነክቶ አያውቅም።

ይባስ ብሎ ዕቃውን ማደል ጀመረ። የመሣሪያ ሣጥኑን ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ብዙነሽ ባል ሰጠ። ራዲዮኑን ለሰፈሩ ዘበኛ። ትናንት ደግሞ ሰፈራችን የሚያስተምሩት መምህር ተካ ጋ ደውሎ፣ “ቅዳሜ ስምንት ሰዓት መጥተው አውሮፕላኖቹን ይውሰዷቸው፣ ለተማሪዎችዎ ይሆናሉ” አላቸው። እኔን “ካርቶን አዘጋጂ” አለኝ። ሰው ዕቃውን እያደለ ሲቀመጥ ምን እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴም ከመሞቷ በፊት እንደዚሁ አድርጋለች። ፈርቻለሁ።

ሐሳቤ የሆዳቸውን ቀዳዳ አስፍቼ ብረት መክተት፣ ሚስማሩ አናት ላይ ደግሞ ማግኔት መለጠፍ ነው። ማግኔት ካስጠጉት ራሱ ይስባል፤ ቀዳዳ ፍለጋ የለም። አባዬ ዓርብ ሳይመለስ መጨረስ አለብኝ። ከፋብሪካ የዓመት ፈቃድ ወስጃለሁ።

ያለኝ፦ ከቶርኖ ቤት የተዋስኩት ትራፓኖ፣ በሁለት ቱቦ የሚመጣው፣ ተበጥብጦ የሚደርቀው ማስቲሽ፣ አሥር ጤነኛ አውሮፕላን፣ አንድ የተሰነጠቀች።
የሌለኝ፦ ማግኔት። ማግኔቱን ሳልገዛ ነው ልበሳ የተነሣሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሃል ይሄ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በሰቃ ገበያ ወርጄ ከድር ጋ ሄድኩ። ከድር ራዲዮና ስፒከር የሚጠግን የስልጤ ሰው ነው፤ ምክር ሳያስቀድም ዕቃ አይሸጥም። ለምን እንደፈለግኩት ነገርኩት። ከጣሳ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክሉ ማግኔቶች ዘረገፈ። ማቆሚያው ላይ ማግኔት፣ አውሮፕላኗ ሆድ ላይ ደግሞ ሮንዴላ፣ ያችን ክብ ብረት፣ ላደርግ እንዳሰብኩ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

“ሮንዴላ ይይዛል እንጂ አይመራም እህቴ። ያገኘበት ላይ ነው የሚለጠፈው። ሁለቱም ማግኔት ከሆኑ ግን መሐል ለመሐል ካልተገናኙ አይረጉም። ጨፍነሽ ሞክሪው።”

ጨፍኜ ሞከርኩት። ማግኔቱ ከጣቴ ሾልኮ ሄዶ ቦታውን ራሱ አገኘ። እዚያው ሱቁ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው አልኩ።

“ፊታቸውን እንዳታሳስቺ ብቻ” አለ ከድር። “አንዱ ከተገለበጠ እንደ አማትና ምራት ነው የሚገፋፉት።”

ሃያ ሁለት ገዛሁ። የተሰነጠቀችውንም አሳየሁት። ሰጋቱራ ከማስቲሽ ጋር አቡክቶ ስንጥቁን ሞላው፣ በክር ጠፈራትና እስከ ሐሙስ እንዳልነካት አስጠነቀቀኝ። ትራፓኖውንም ከለከለኝ። የደረቀ ዋንዛ በቢላ ጫፍ ቀስ እየተባለ ነው የሚሰፋው አለ። እንግዲህ ቀስ ማለት ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። አባዬ ድምፄን እንደሰማ “ካርቶን አገኘሽ?” አለኝ። “አገኘሁ” አልኩ። ውሸት። እትዬ ዘነበች ጣቴ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ አይተው በዐይናቸው ጠየቁኝ፣ እኔም በዐይኔ ዝም ይበሉ አልኳቸው። ወዲያው አፈርኩ። እሱ እያለ፣ ከፊቱ፣ በዐይን ማውራት!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት ሰዓት ላይ አወጡት።

ሐኪሟ ሥራው ደህና ሄዷል አለችን። ማየት አለማየቱ ግን ማክሰኞ ፋሻው ሲፈታ ነው የሚታወቀው። እስከዚያ ጭስ እንዳይነካው፣ እንዳይጎነበስ፣ ከባድ እንዳያነሣ፣ እንዳይናደድ። እንዳይናደድ የሚለው ላይ እትዬ ዘነበች አዩኝ።

መጠበቂያው ወንበር ላይ ሆኜ ሁለት ማግኔት ኪሴ ውስጥ ሳጋጥምና ሳላቅቅ ነው የቆየሁት። ጣቴን ቆንጥጠው ቆንጥጠው አቁስለውኛል። እትዬ፣ “ምንድን ነው ጠቅ ጠቅ የሚለው? ተይኝ እባክሽ፣ የራሴ ልብ ነው የሚመስለኝ” አሉ።

ቤት ገብቼ አራቱን ጨረስኩ። ዘዴ አግኝቻለሁ። ማግኔቶቹን ሁሉ ደራርቤ እንደ ዓምድ አቆምኳቸውና የእያንዳንዱን የላይኛውን ፊት ቀይ ጥፍር ቀለም ቀባሁት። ደንቡ፦ ማቆሚያው ላይ ቀዩ ወደ ላይ፣ ሆድ ውስጥ ቀዩ ወደ ውስጥ። ግድግዳው ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። አራቱም ልክ ሆነዋል። አሥር ጊዜ ፈትሻቸዋለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ጥቅል ጨርቅ የምመረምር ሰው ለአራት እንጨት እንቅልፍ ላጣ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ስድስቱ ተሳኩ። የተሰነጠቀችውም ከነሱ መሐል ጠባሳዋን ይዛ ቆማለች። ሰባተኛዋ ግን... ወይኔ።

አሮጊቷን ለመጨረሻ ያቆየኋት እጄ እስኪፈታ ብዬ ነበር። አባዬ መጀመሪያ የፈለፈለው እሷን ነው፤ በወጣትነቱ መጀመሪያ የጠገናት አውሮፕላን አምሳል ነች። ማስቲሹን በጥብጬ፣ ማግኔቱን በጣቴ ይዤ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘነበች ናቸው። “ቶሎ ነይ! ላብ አጠመቀው፣ አያናግረኝም!” ማግኔቱን ሆዷ ውስጥ ጫን አድርጌ፣ ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼ ሮጥኩ።

ስደርስ አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጁስ እየጠጣ ነው። ስኳር በሽታ አለበትና ስኳሩ ወርዶ ነበር አሉ፤ ነርሶቹ ቶሎ ደርሰውለታል። ያስደነገጡኝ እትዬን እየተቆጣ አገኘሁት። እንዳይናደድ የተባለው ሰው።

ቤት ስመለስ አሮጊቷ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ከሆዷ ቀይ ያበራል። ቀዩ ወደ ውጭ! በቢላ ነካሁት፤ ድንጋይ ሆኗል። ጠንከር ስል እንጨቱ ጠሽ አለ፣ የሰኞውን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ተውኩት። ማቆሚያዋ ላይ ሳስጠጋት እየተገፋች ወደ ጎን ትሸሻለች። ሥራ ቦታ ቢሆን “ውድቅ” ብዬ ጽፌ ወደ ጥግ ነበር። ከሁሉም እሷን! ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብሶቹ መሐል ደበቅኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻውን አውጥቶ የሚያቃጥልበት ቀን፣ አባዬ ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን። ሌላ ቀን ጠፍቶ!

ጠዋት በየደጁ እየዞርኩ ለመንኩ። ሁለቱ ቤቶች እሺ አሉኝ። ወይዘሮ ብዙነሽ ግን ደጃቸው ላይ ቅጠሉን እየቆለሉ “ሚካኤልን ለአንድ ዐይን ብለን ልንተወው ነው?” አሉ። ቤቴ ተመለስኩ። በር ሥር እርጥብ ፎጣ ጎዘጎዝኩ፣ መስኮቱን በፕላስተር አሸግኩ። ከሆስፒታል ስንመለስ ከቃሊቲ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ጭስ ነው። በታክሲው ውስጥ የአባዬን ፊት በነጠላዬ ሸፍኜ፣ እሱ “ልታፍኚኝ ነው ወይ?” እያለ ደረስን። ደጃችን ጋ ስንወርድ ወይዘሮ ብዙነሽ ባዶ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። እሳታቸው ላይ ውሃ ደፍተውበታል። “እንኳን ለቤትህ አበቃህ” ብቻ ብለው ገቡ። እኔም እጃቸውን ሳልስም ቀረሁ።

አባዬ እንደተቀመጠ “ካርቶኑ የታለ?” አለ። እጁን ይዤ ወደ መደርደሪያው ወሰድኩት። ሙሽራዋን አነሣት፣ መለሳት፤ ጠቅ ብላ ተቀመጠች። ወፍራሟንም እንደዚያው። በአንድ ጊዜ!

“ማግኔት ነው?”

“አዎ።”

“ጎበዝ” አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚባለው። “ለመምህሩ ልጆች ጥሩ ነው። ሲነካኩ አይሰብሯቸውም።”

እጁን ጋቢው ውስጥ መለሰ። ሳምንቱን ሙሉ የደከምኩት ለመምህሩ ልጆች ሆነ። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት አወጣሁ፤ ልከትፈው ሳይሆን ማልቀሻ እንዲሆነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ስድስት ሰዓት ላይ አባዬ ራሴ ቆጥሬ ላስረክብ አለ። በጣቱ እየዳሰሰ ቆጠረ። አሥር።

“አሮጊቷስ?”

ወደ ቁም ሣጥኑ አየሁ።

“ሰበርሻት?”

“አልሰበርኳትም። ተበላሽታለች።”

“አምጪያት።”

ከብርድ ልብሱ መሐል አውጥቼ ሰጠሁት። ማቆሚያዋን ከፊቱ አደረግኩለት። ሊያስቀምጣት ሲል ወደ ግራ ሸሸች። ደገመው፤ ወደ ቀኝ። ተጭኖ ሲለቃት ዘላ ጭኑ ላይ ወደቀች። ቅንድቡ ከፋሻው በላይ ከፍ አለ። “እንዴ!” አለ። ሦስተኛ። አራተኛ። ጋቢው ከትከሻው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላስተዋለውም።

“ሌሎቹን እንዴት ነው ያደረግሽው?”

ስለ ቀዩ ጥፍር ቀለም ነገርኩት።

“እና ይህቺን ስትሠሪ ምን ነካሽ?”

“ማስቲሹን በጥብጬ ሳለሁ እትዬ ደወሉ፤ ያን ዕለት ስኳርህ...”

“ዘነበች!” ብሎ ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። “ቆይ፣ ሆዷን ቆፍረሽ ልታወጪው ሞክረሻል?”

“አዎ። እምቢ አለኝ።”

“ምን በወጣት? እሷን ተያት። የማቆሚያውን ማግኔት ገልብጪ።”

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከነብርድ ልብሱ የተሸከምኩት ጭንቀት! የማቆሚያው ማግኔት እኮ ሚስማሩ አናት ላይ ነው የተለጠፈው፣ ቢላ ከሥሩ ቢገባ ይነሣል። የሰነፍ ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው።

“መሣሪያ ሣጥኔን አምጪ” አለኝ።

“ሰጥተኸው የለ?”

“ተዋሺልኛ።”

ለወይዘሮ ብዙነሽ ስነግራቸው እየሳቁ ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። አባዬ በዳሰሳ ቀጭኗን መሮ አወጣ። እኔ አጠገቡ ሆኜ መቶ ነገር ታየኝ፦ ጣቱ ይቆረጣል፣ ይጎነበሳል፣ ስኳሩ ይወርዳል። ጣቱን እውነትም ቆረጠው፤ ጠባና ቀጠለ። ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ተነሣ። ገልብጦ፣ ማስቲሹን እኔ በጥብጬለት፣ ለጠፈው።

መምህር ተካ ስምንት ሰዓት ላይ ሲገቡ አባዬ ማግኔቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ተቀምጧል። ከሰላምታው አስቀድሞ “ይጨፍኑና ሙሽራዋን አንሥተው ይመልሱ” አላቸው። ጨፍነው ሞከሩ። ደስ አላቸው፣ ወፍራሟንም ሞከሩ። ሻይ ጠጡ። በመጨረሻ ይዘውት ወደመጡት ባዶ ካርቶን እያዩ “እንግዲህ ልጫናቸው?” አሉ።

አባዬ ትንሽ አሰበ። “ማስቲሹ አልደረቀም” አለ።

የአንዷ ማቆሚያ ማስቲሽ ነው ያልደረቀው። አሥሩ ከደረቁ ቆይተዋል። መምህሩ ወደኔ አዩ፣ እኔ ወደ ወለሉ። “እሺ፣ ይድረቅ” ብለው ሄዱ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የመደርደሪያው ተራ ተለዋውጧል። አሮጊቷ ከፊት ቆማለች፣ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዙራ። ነጯ ከጥግ ወደ መሐል መጥታለች። አንዷም አልወደቀችም። አባዬ አልጋው ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

“ማን ነካቸው?” አልኩ።

“ድመት ይሆናል” አለ።

ድመት የለንም።

ነገ ጾም ስለሚገባ ሥጋ እየጠበስኩ ሳለ መምህር ተካ ደወሉ። ማስቲሹ ደረቀ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ያለ መሰለኝ። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ “አባዬ፣ ምን ልበላቸው?” አልኩት።

“አውሮፕላኖቹ ሥራ ላይ ናቸው በያቸው።”

ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን ሥራ ላይ ሆኑ” ብለው ዘጉ።

ማክሰኞ ፋሻው ይፈታል። ባያይስ የሚለውን ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ እሱ ግን ዝምታዬን ሰምቶት ነው መሰለኝ “ማክሰኞ የዐይን ነገር ነው፣ እሱን ለሐኪሟ ተይላት” አለኝ። ልተው አልቻልኩም። ፈቃዴንም እስከ ማክሰኞ አስጨምሬያለሁ። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከወዲያኛው ክፍል ተጣራ። ለአሥራ ሁለተኛዋ አውሮፕላን ከድር ሌላ ማግኔት ይኖረው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጣሳ ሙሉ አለው አልኩት።