ናርዶስ ያሰጣቻቸው ልብሶች

ከካርቱም፣ ከሳጃና ሰፈር፣ ለእታለሜ ለሰብለ ይድረስ። እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ወገብስ ተሻላት? እኔ ከሙቀቱ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ወንድማችን ቢልልኝም ደህና ነው፤ ሊቢያ ከገባ ወዲህ አለመደወሉ ያው የኔትወርክ ነገር ነው።

ሰሞኑን ያየሁትን ልንገርሽ። ናርዶስ የምትባል ያገራችን ልጅ ቱኒዚያ ትኖራለች፤ ሰዓሊም ፊልም ሠሪም ናት። በኮሮናው ምክንያት ሰው ስለማይገባ ስቱዲዮዋን በኢንተርኔት ታስጎበኛለች። የምሠራበት ካፌ ባለቤት በላፕቶፑ ከፈተልን።

ወላሂ፣ እታለሜ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ! ባሕሩ ወደ ዳር ያወጣውን የስደተኛ ልብስ እየሰበሰበች፣ አጥባና ገልብጣ ከጣሪያው ታንጠለጥለዋለች። መስኮቱን ስትከፍተው ልብሱ ሁሉ ይተነፍሳል፤ ያንን ትቀርጻለች። ሰው የሌለበት ሸሚዝ ደረቱን ሲነፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ሻሼን አስተካከልኩ።

«ለምን ገለበጥሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሰማችኝ!

«የሰፋቸው እጅ የሚታየው በውስጥ በኩል ነው» አለችኝ። «እናት ወይም እህት የጣፈችው ያስታውቃል።»

በግራ በኩል የተሰቀለውን ጃኬት አስጠግታ እንድታሳየኝ ስለምናት መብራት ጠፋብን።

ደብዳቤውን ለብቻሽ አንብቢው። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሦስታችንንም ከእሷ ጋር በአንድ ገበታ እስኪያስቀምጠን ድረስ እሱ በጥላው ይያዘን።

ታናሽሽ ፍቅርተማርያም

እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ የቢልልኝን ጃኬት ክርኑ ላይ የጣፍሽው በምን ቀለም ክር ነበር?