የጠዋቱ ክኒን

ረመዳን 3። ከሰዓት 8።
ዛሬም አልዋጥኩም። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ደብተሬ። እናቴ፣ ሆዮ፣ አማርኛ አታነብም። የታመመ አይጾምም ብላ ምሳዬን ጓዳ ታስቀምጥልኛለች። ለድመቷ እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ውሃ ስጠጣ የጎረቤት ልጅ ሂባቅ በመስኮት አየችኝ። «ትልቅ ልጅ ሆነሽ፣ አሁንም ሕፃን ነሽ?» የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሳቁ። ከማግስቱ ጀምሮ ተደብቄ እጾማለሁ።
ሐኪሙ የልቤን ክኒን ጠዋትና ማታ ነው ያለው። ካፈጠርን በኋላ ሁለቱንም አንድ ላይ እውጣለሁ። ያው ነው። ያው መሰለኝ።

ረመዳን 6። 11 ሰዓት።
መታኝ። ከስምንት ወር በኋላ። ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ ነበር። ልቤ ተንደረደረ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ከዚያ አህያ ደረቴን የረገጠችኝ ያህል። ሊጡ ላይ ወደቅሁ።
ደረቴ ውስጥ የቀበሩት መሣሪያ ልቤ ሥርዓት ሲያጣ በኤሌክትሪክ መትቶ ይመልሰዋል። አዳነኝ ማለት ነው። እጠላዋለሁ።
ሆዮ ልትነካኝ ፈራች፤ ኤሌክትሪኩ እንዳይይዛት። ቆይታ እግሬን አቅፋ አለቀሰች።

ረመዳን 7። ጠዋት።
የአባቴ እህት ኤዶ ሆዳን መጣች። ጅኒ ነው፣ የሚጠራውም ደረቴ ውስጥ ያለው ብረት ነው አለች። ሐርተሼክ ከተማ አንድ ሼክ አሉ፤ ነገ እዚያ ወስደናት ቁርዓን ይቀሩባታል፣ ከዚያ ብረቱን የሚያወጣ ይፈለጋል። ሆዮ የመኪናው ኪራይ ስንት ነው አለች። ተስማምታለች ማለት ነው።
ክኒኑን ትቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ዛሬም አልዋጥኩም። ኤዶ ፊት እንዴት ውሃ ላንሳ?

ረመዳን 8። 6 ሰዓት።
ጠዋት 3 ላይ ደግሞ መታኝ። ልብስ እያጠፍኩ። በአንድ ቀን ሁለቴ ከመታሽ ወዲያው ሆስፒታል ብሎኛል ሐኪሙ። ዛሬ እስካሁን አንዴ ነው። ልቤ ግን አልተረጋጋም። ሁለተኛው መንገድ ላይ ቢመጣስ? ብረቱን ቢያወጡትስ ማን ይመልሰኛል?
ተነሳሁ። ውሃ ቀዳሁ። ኤዶ ጮኸች፦ «አንቺ! በጾም? እኔ ፊት?» ግማሹ ልብሴ ላይ ፈሰሰ። ክኒኑን ዋጥኩት።
ከዚያ ለሆዮ ነገርኳት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እንደጾምኩ፣ የጠዋቱን እንደተውኩ፣ ምሳውን ድመቷ እንደበላች። አልመታችኝም። ፊቷ ብቻ አመድ መሰለ።
መኪናው በር ላይ ቆሟል። ኤዶ ሼኩ እየጠበቁ ነው ትላለች። ሆዮ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ወዴት እንደምንሄድ አልነገረችኝም።
ወደ ሆስፒታል ካልሆነ መኪናው ውስጥ አልገባም። ቢጎትቱኝም አልገባም።